መቶ ሃያ አራት ሺህ አንድ

ሳቢራ ቁጥሩን ይዛ ከሸህ ሙሀመድኑር ዘንድ የተመለሰች ዕለት ፊቷ በርቶ ነበር። ባሏ አብዱልጀሊል ያንን ፊት ካየው ቆይቷል። ከጨፋ ድረስ በባጃጅ ስትንገጫገጭ የዋለች ሴት አትመስልም፤ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ደጃፉ ላይ ቆማ “ሰጡኝ” አለችው። መቶ ሃያ አራት ሺህ ጊዜ ላ ኢላሃ ኢለላህ፣ በነብያቱ ቁጥር ልክ። በላዩ ላይ ደግሞ አንድ፤ እሱ የልጇ የሙስዐብ ነው። ሲሞላ፣ ኢንሻአላህ፣ የልጅሽ ወሬ ይመጣል ብለዋታል።

አብዱልጀሊል በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል። ክፉ ሰው አይደለም። ትክክለኛ ሰው ነው፤ ይሄ ደግሞ ራሱን የቻለ በሽታ ነው። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ አንዱ “ወደ መቶ ሰው ቀበረው” ሲል፣ ከሰባ እንደማይበልጥ ማረም የሚያምረው ሰው በከሚሴ እሱ ብቻ ነበር። ሰዉም ለምዶታል፤ ቁጥር ሊጠራ ሲል መጀመሪያ ዞር ብሎ እሱ አለመኖሩን ያያል።

ሙስዐብ አንድ ልጃቸው ነው። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ወደቀ፤ ያውም በአባቱ ትምህርት። ውጤቱ የመጣ ቀን አባትየው አልተቆጣም፣ አልመታም፤ ቁጭ ብሎ ስንት ነጥብ እንደጎደለው አስልቶ ነገረው፣ በቃ። ልጁ በሳምንቱ በሰንበቴ ከተማ ገበያ ዕለት ከግመል ነጋዴዎች ጋር ተቀላቅሎ ወደ አፋር ወረደ። ከዚያ ኦቦክ ከሚባል የጅቡቲ ጠረፍ በሰው ስልክ ደውሎ፣ ነገ ባሕሩን እንሻገራለን፣ የመን ስደርስ እደውላለሁ አለ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ክረምት አለፈ። ሳቢራ ስልኩን እንደ ሕፃን ጡቷ ሥር አቅፋ እየተኛች፣ ባትሪው ባለቀ ቁጥር እየደነገጠች ኖረች። እናት ናትና ተስፋ መቁረጥ አልቻለችበትም።

ቁጥሩን ስትሰማ ግን ነፍስ ዘራች። የሰፈሩ ሴቶችም ወሬው በደረሳቸው ቀን እየተጠራሩ መጡ። ዘይና፣ ጎረቤታቸው፣ ሁሉን አስተባባሪ ሆነች። ከጁምዓ ቀጥሎ ባለው ቀን ተሰብስበው፣ ተካፍለው ሊሉት፣ በየሳምንቱም እየተገናኙ እስኪሞላ ሊቀጥሉ ተስማሙ። አርባ ሴት ሆኑ። ሸህዬ ግን አንድ ነገር አስረው ነበር የላኩት፤ የሚሉት ሰዎች እኩል ይበሉ፣ አንዷ ከሌላዋ አትብለጥ፣ አታንስ፣ ከቁጥሩም የሚተርፍ አይኑር። በሸሆቹ ዘንድ የተሰጠ ዚክር ደግሞ ተመልሶ የሚከራከሩበት ነገር አይደለም። እንደተሰጠ ይባላል፤ ካልተቻለ ይቀራል።

ሳቢራም ወደ ባሏ ዞረች። አካፍለን አለችው። ሴቶቹ ሁሉ ዓይናቸውን ወደሱ ላኩ። በዕድሜው ሙሉ ሰው ሒሳቡን ፈልጎት አያውቅምና አብዱልጀሊልም ደስ አለው፤ ይሄን መደበቅ አያስፈልግም። ለአርባ ሲካፈል ለያንዳንዷ ሦስት ሺህ አንድ መቶ ይደርሳታል አለ። ሴቶቹ እልል ሊሉ ሲቃጡ፣ “አንድ ይተርፋል” ሲል ጨመረበት።

የምትተርፈው የሙስዐብ ነበረች። ዘይና እሷን እኔ እላታለሁ አለች፤ ሳቢራ በእምቢታ እራሷን ነቀነቀች። ሌላዋ ሁላችንም በአንድ ላይ እንበላት አለች፤ ያ ደግሞ አንድ ሳይሆን አርባ ነው አለ አብዱልጀሊል። አርባ አንድ ብንሆንስ ተባለ፤ አይሆንም። ሃምሳስ? እሱም አይሆንም። ነብያቱ ብቻቸውን ቢሆኑ እንኳን ለአርባና ለሃምሳ፣ ለሠላሳ አንድም፣ ለመቶ ሃያ አምስትም ያለ ቀሪ ይካፈሉ ነበር፤ ያን ያህል ገር ቁጥር ነው። አንዷ ስትጨመርበት ነው እምቢ ያለው። በመጨረሻ አብዱልጀሊል ልክ የሚመጣውን የሴት ብዛት ፈልጎ እንደሚነግራቸው ቃል ገባላቸውና ተበተኑ።

ሰኞ ዕለት ቁጥሩን ይዞ ክፍል ገባ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አንድ ቁጥር ከአንድና ከራሱ ሌላ አካፋይ ካለው፣ ከነዚያ ትንሹ ከስኩዌር ሩቱ አይበልጥም። የዚህ ቁጥር ስኩዌር ሩት ሦስት መቶ ሃምሳ ሁለት ከምናምን ነው። እስከዚያ ድረስ ያሉት ፕራይም ቁጥሮች፣ ማለትም በራሳቸውና በአንድ ብቻ የሚካፈሉት፣ ሰባ ናቸው። የክፍሉ ተማሪዎችም በየዴስኩ ተጣብበው የተቀመጡት ሰባ ነበሩ። አብዱልጀሊል ለምን እንደሆነ ሳይነግራቸው መቶ ሃያ አራት ሺህ አንድን ሰሌዳው ላይ ጽፎ ለያንዳንዳቸው አንድ አንድ ፕራይም አደላቸው። ያለ ቀሪ የተካፈለለት እጁን ያውጣ አለ።

ሁለትና አምስት የደረሳቸው ሳቁ፤ መጨረሻው አንድ የሆነ ቁጥር ለነሱ ምን ሥራ አለው። ሦስት የደረሰው አኃዞቹን ደምሮ ስምንት ሲመጣለት እርሳሱን አስቀመጠ። ሌሎቹ አቀረቀሩ። አብዱልጀሊል በዴስኮቹ መካከል እየተመላለሰ አንድ እጅ ሲጠብቅ ቆየ። አንድ እጅ ብቻ ነበር የሚፈልገው። ሃምሳ ዘጠኝም ይሁን፣ ሁለት መቶ ሃምሳ አንድም ይሁን፣ ሴቶቹን ከየመስጊዱ ለምኖ ያመጣ ነበር፤ ደግሞ ያደርገው ነበር።

ሠላሳ አንድ የደረሰው ልጅ፣ ቲቸር አንድ ብትቀንሱልኝ ይካፈልልኝ ነበር አለ። ሰማንያ ሦስት የደረሳት ደግሞ አንድ ብትጨምሩልኝ አለች። ሁለቱንም አይቀነስም፣ አይጨመርም አላቸው። ቀሪያቸውን እየተነሱ ተናገሩ፤ ሰባት፣ ሃምሳ፣ መቶ ሠላሳ ሦስት፣ ሁሉም አንዳች ነገር ተርፎታል። የመጨረሻዋ መሊካ የምትባል ልጅ ነበረች፤ ሦስት መቶ አርባ ዘጠኝ የደረሳት። ቀስ ብላ የምትሠራ ልጅ ናትና ክፍሉ በሙሉ እሷን ጠበቀ።

“መቶ ስድስት ይተርፋል” አለች።

ፕራይም ነው ማለት ነው። ሰባው ተማሪ ጠላት ያባረረ ይመስል አጨበጨበ፤ አንድ ትልቅ ቁጥር በገዛ እጃቸው ፕራይም መሆኑን አረጋግጠዋልና ተደስተዋል። እሱ ጠመኔውን አስቀምጦ ወደ መስኮቱ ዞረ። በአማርኛው የሒሳብ መጽሐፍ ብቸኛ ቁጥር ይባላል፤ ለተማሪዎቹ ሲያስተምር የኖረው ነው፣ እንዲህ አንጀቱን የሚበላው ግን አልመሰለውም ነበር።

ማታ እራት ሳይቀርብ ለሳቢራ ነገራት። እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ምን ያደርግ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። አርባ ይሆናል ብሎ ያልፈው ነበር። እሱ ግን ትክክለኛ ሰው ነው።

“ለአርባ አይሆንም” አላት።

“ለስንት ይሆናል?”

“ለማንም። ወይ አንድ ሰው ሁሉንም ይለዋል፤ ወይ መቶ ሃያ አራት ሺህ አንድ ሰው እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ይለዋል። ሌላ መንገድ የለውም።”

የከሚሴ ሰው ሕፃን ሽማግሌው ቢጠራ ያን ያህል እንደማይሞላ እሷም ታውቃለች። ሳቢራ “አንድ ሰው” አለች፤ ሸህዬ ሊነግሯት የፈለጉት አሁን ገና የገባት ይመስል። በማግስቱ ለሴቶቹ አትምጡ ብላ ላከችባቸው። ዘይና ይሄን ስትሰማ አብዱልጀሊልን መንገድ ላይ አስቁማ ወላሂ እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም አለችው።

“ምን ነበረ አርባ ይሆናል ብትል? ማን ሊቆጥርብህ ነው?”

ልክ አይመጣማ አላት። ዘይና እጇን ወደ ሰማይ አንስታ ጥላው ሄደች።

ሳቢራ ብቻዋን ጀመረች። አብዱልጀሊል ለማገዝ ብሎ የበቆሎ ፍሬ ቆጥሮ በአንድ ትልቅ የወተት ጣሳ ሞላላት፤ አንድ ሺህ ሁለት መቶ አርባ ፍሬ። በሙስበሃዋ፣ በመቁጠሪያዋ፣ መቶ በሞላች ቁጥር አንድ ፍሬ ወደ ሌላ ጣሳ ታዛውራለች። ጣሳው ባዶ ሲሆን ነብያቱ አለቁ፤ ከዚያ የልጇን አንድ ጊዜ ትላለች። እሱ የሰጣት እርዳታ ይሄ ብቻ ነው፤ ደግሞ ኮርቶበት ነበር።

መጀመሪያ ከሶላት በኋላ ብቻ ነበር የምትለው። ኋላ ምድጃ ስታነድድም፣ ልብስ ስታጥብም ከንፈሯ አይቆምም። ሰው መጥቶ “አካም ቡልተኒ” ብሎ እንዴት አደርሽ ሲላት በዓይኗ ብቻ ትመልሳለች፤ አፏን ብትከፍት ቁጥሩ ይጠፋባታል። ሴቶቹ አንድ ሁለት ጊዜ መጥተው ጎኗ ተቀመጡ። የማያወራ ሰው ጋ ምን ያህል ይቀመጣል? ቀስ በቀስ ቀሩ። አብዱልጀሊልም በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆነ። እራቱ ይቀርብለታል፣ ልብሱ ይታጠብለታል፣ ነገር ግን ከሚስቱ ጋር ሁለት ዓረፍተ ነገር ካወራ ወራት አለፉ። ከዚያ ቤት ልጅ ሄደ፣ ሴቶች ሄዱ፣ አሁን ደግሞ ወሬም ሄደ።

ሆድ ሲብሰው ያው ወደ ቁጥሩ ይመለሳል። ያን ሰሞን አንድ ነገር አገኘ፤ የሦስት መቶ አምስት ስኩዌርና የመቶ ሰባ ስድስት ስኩዌር ሲደመሩ ልክ መቶ ሃያ አራት ሺህ አንድ ይመጣል። ለአራት ሲካፈል አንድ የሚተርፈው ፕራይም ሁሉ እንዲህ የሁለት ስኩዌር ድምር ነው፤ የሚገኘውም በአንድ መንገድ ብቻ ነው፣ ሁለተኛ የለውም። የማይካፈለው ቁጥር ቢያንስ ሁለት ሆኖ ጎን ለጎን መቆም ይችላል። ይሄን ለማን ይንገር? እየሮጠ ወደ ሳቢራ ገባና ጀመረላት። እሷ ሌባ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም አሰኘችው። ዘጠና ምናምን ላይ ነበረች።

ረመዳን ሊገባ ሲል ጀይሉ መጣ። ጀይሉ ከሙስዐብ ጋር የሄደ የሰፈሩ ልጅ ነው፤ የመን ታስሮ በተመላሽ አውሮፕላን ነው የመጣው። ቤቱ ሳይሄድ አብዱልጀሊልን ፈልጎ ባጃጅ ተራው አጠገብ አገኘው። ሰላምታው ራሱ ነገረው፤ ልጁ እጁን ጨብጦ አልለቅም አለ። ሌሊት ከኦቦክ ተነስተው፣ የመን መብራቱ ከታየ በኋላ ጀልባዋ ተገለበጠች።

“እጁን ይዤው ነበር፣ ቲቸር። ቦርከና ወንዝ ላይ የተማርነው ዋና ባሕር ላይ አይሠራም።”

አብዱልጀሊል መጀመሪያ የጠየቀው ስንት ሰው እንደነበሩ ነው። አባት የሚጠይቀው ጥያቄ አይደለም፤ ግን ሌላ ጥያቄ አያውቅም። ጀይሉ ትክ ብሎ አየው።

“ማን ቆጠረን?” አለው።

ሸህዬ ሲሞላ ይመጣል ያሉት ወሬ ሳይሞላ መጣ። አብዱልጀሊል ጀይሉን ለማንም እንዳይናገር አስምሎት ወደ ቤቱ ሄደ፤ በመንገድ ላይ የሚነግራትን ቃል እያዘጋጀ። ሲገባ ሳቢራ ምንጣፏ ላይ ናት። ቀና ብላ አየችውና ወደ ጣሳው በአገጯ ጠቆመችው። ጣሳው ከግማሽ በታች ወርዷል። ፈገግ አለች። ያንን ፈገግታ አይቶ የሚናገር አንደበት ከየት ይምጣ? አፉ ላይ የደረሰውን ቃል ዋጠው፣ ነገ እላታለሁ ብሎ።

ነገ የሚባለው ግን በየቀኑ ነገ ሆነ። የጣሳው በቆሎ እየወረደ ሲሄድ አብዱልጀሊልን ፍርሃት ያዘው። ሲያልቅ ሳቢራ ታጥባ፣ ልብሷን ለውጣ፣ ስልኩን ይዛ ደጃፍ ላይ ትቀመጣለች። ያን ቀን ማየት አልቻለም። እና አንድ ቀን፣ የአስር ሶላት ልትሰግድ ውዱእ ልታደርግ ስትወጣ፣ ተቆጥሮ ካለቀው ጣሳ ሁለት ፍሬ አንስቶ ወደሚቆጠረው መለሰ።

በሕይወቱ ቁጥር ዋሽቶ አያውቅም። የተማሪ ማርክ በግማሽ ነጥብ አዛብቶ አያውቅም፤ ልጁ ሲወድቅ እንኳ ማርኩን አልነካም። በማግስቱ ግን አምስት መለሰ። ኋላ እጁ ለመደ፤ ያዛወረችውን ያህል ይመልሳል፣ አንዳንዴም ከኪሱ ጭብጥ ይጨምርበታል። ጣሳው አንድ ቦታ ቆመ። ረመዳን አልፎ ዒድ ሆነ፣ ከዒድ በኋላ ዝናቡ ገባ፣ የጨፋ ሜዳ በውሃ ተጥለቀለቀ፤ ጣሳው ያው ነው። ሳቢራ ምንም አላለችም። ከንፈሯ ያንኑ ይላል። ከስታለች፣ ጉንጯ ገብቷል፤ ግን ትጠብቃለች፣ የምትጠብቅ ሰው ደግሞ አልተጎዳም ብሎ ራሱን አታለለ። መዳን ማለት ይሄ መሰለው፤ የማያልቅ ቁጥር ሰጥቷት መኖር።

በዚህ መሀል ጀይሉም መሐላውን አልጠበቀም፤ ልጅ ነው፣ ከበደው። ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ዘይና መንገድ ላይ አብዱልጀሊልን ስታገኝ አሁን አትሳደብም፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታልፋለች። ሰው ሁሉ ያወቀውን ከአንዲት ሴት ሲደብቅ አንድ ከተማ ሙሉ ኮቴውን አጥፍቶ እንደመሄድ ነው። ለቅሶ መቀመጥ አቅቷቸው ሁሉም እሱን ይጠብቃሉ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሳቢራ ውዱእ ልታደርግ አልወጣችም። ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ጣሳውን ፊቷ አስቀምጣዋለች። ሙስበሃው ጉልበቷ ላይ ነው። ከንፈሯ አይንቀሳቀስም። እሱ እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ ቆመ፤ ኪሱ ውስጥ በቆሎ ነበር።

“ጨምር እንጂ” አለችው።

ከወራት በኋላ የሰማው ድምጿ ነው፤ ሻክሯል።

“መቼ ሰማህ?”

“ከረመዳን በፊት።”

እራሷን ነቀነቀች፤ እሷም በዚያው ሰሞን ነው ያሰላችው። “መጀመሪያ የጨመርክ ሰሞን ነው ያወቅሁት” አለች። “ስንት ፍሬ እንደቀረኝ እኮ አውቃለሁ። ሁለት በልጦ ሳገኘው እኔ ተሳሳትኩ አልኩ። በማግስቱ አምስት በለጠ። ያን ጊዜ ገባኝ። አንተ በቁጥር አትዋሽም። ልጄ በሕይወት ቢኖር አንዲት ፍሬ አትጨምርም ነበር።”

አብዱልጀሊል ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰ፤ ልጁ ከሄደ ጀምሮ ያላለቀሰውን። ሳቢራ አላለቀሰችም። እሷ ብቻዋን፣ እየቆጠረች፣ ምድጃው ሥር ጨርሳዋለች። እሱ ከሐዘን ያዳናት መስሎት በቆሎ ሲመልስ፣ እሷ እሱ ፊት ለፊት ልጇን ስትቀብር ከርማለች። አንድ ሰው እንኳ ጎኗ አልነበረም።

“ታዲያ ለምን ስትቆጥሪ ቆየሽ?” አላት።

“ለሱ ነዋ። መቃብር የለው፣ ከፈን የለው፣ የሰገደበት የለው። ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ባዶ እጁን አይሂድ ብዬ ከአንድ እንደገና ጀመርኩ። በቆሎህን እንዲያው ለዓይንህ ነው የማዛውረው፤ ቁጥሩን በልቤ ነው የምይዘው።”

ምን ያህል ደረስሽ አላላትም። ሕይወቱን ሙሉ የሚጠይቀውን ጥያቄ ያን ቀን አልጠየቀም። እየዳኸ ወደ ምንጣፉ ቀረበ። ሙስበሃውን ሊነካ እጁን ዘረጋ፤ እሷ ግን ሳበችው።

“ግማሹን እኔ ልበልለት” አለ። “አባቱ ነኝ፣ ሳቢራ። ግማሹን ስጪኝ።”

አየችው። ቁጣ አልነበረባትም፤ ብትቆጣ ይሻለው ነበር።

“አይካፈልም ብለኸኛል” አለችና ወደ ቂብላ ዞረች። ከንፈሯ ከቆመበት ቀጠለ። አብዱልጀሊል አልተከራከራትም። ልክ ነበረች።